በቤዝመንት ግድግዳ ውስጥ የድምፅና የምስል ገመድ ስለ መዘርጋት
ለአስመጪዎች፥ ለአከፋፋዮችና ለባለ ሱቆች የሚጠቅም ትምህርት

ፎቅ ቤት ሲሠራ ከመሬት በታች የሚቀረው፥ በተለምዶ ቤዝመንት የሚባለው ክፍል፥ ዛሬ የዕቃ ማስቀመጫ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የስብሰባ አዳራሽ፥ ምግብ ቤት፥ ሱቅ ወይም የቤተ ሰብ መዝናኛ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው አገልግሎት ቴሌቪዥን፥ ፕሮጀክተር፥ ስፒከር፥ የጥበቃ ካሜራና የኢንተርኔት መሥመር ያስፈልጋል። እነዚህን ሁሉ የሚያገናኘውን ገመድ ባለ ቤቱ የሚገዛው ከባለ ሱቁ ነው፤ ባለ ሱቁም የሚያገኘው ከአስመጪው ነው። ግድግዳው ተለስኖና ቀለም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ገመዱ አልሠራ ቢል፥ ልስኑን አፍርሶ እንደገና ማስለሰን ከገመዱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስወጣል፤ ወቀሳውም ተመልሶ ወደ ሻጩ ይመጣል። ስለዚህ ጉዳዩ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ብቻ የሚተው አይደለም።

የዚህም ትምህርት ዋና አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም፥ ገመድ ያረጃል፥ ቱቦ ግን ይቆያል፤ ስለሆነም ከልስን በፊት መዘጋጀት ያለበት ገመዱ ብቻ ሳይሆን የገመዱ መንገድ ነው የሚል ነው።

1ኛ፤ ስለ ግድግዳውና ስለ እርጥበት

የቤዝመንት ግድግዳ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ክፍልን ከክፍል የሚለየው የብሎኬት ግድግዳ ሲሆን፥ ሁለተኛው አፈሩን ደግፎ የያዘው የውጭ የኮንክሪት ግድግዳ ነው። በብሎኬቱ ግድግዳ ላይ ከልስን በፊት መሥመር ፈልፍሎ ቱቦ መቅበር ይቻላል። አፈር የያዘውን ግድግዳ ግን መፈልፈል አይገባም፤ ውሃ እንዳይገባ የተደረገውን መከላከያ ሊያበላሽ ይችላልና። የቤቱን ክብደት የተሸከመውንም ዓምድ መንካት ክልክል ነው። በእንደዚህ ባለው ስፍራ መሥመሩን በኮርኒሱ ውስጥ ማሳለፍ ወይም ከግድግዳው ፊት በሚቆመው የጂፕሰም ሽፋን ኋላ ማድረግ ይሻላል።

በክረምት ወራት ውሃ ወደ ታችኛው ክፍል ስለሚያዘነብል፥ ዋናው መሥመር በወለል ሳይሆን በላይ በኩል እንዲሄድ ያስፈልጋል። ከጣራ ዲሽ ወይም ከደጅ የሚገባው ቱቦ ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ ይሁን፤ አለዚያ ዝናሙ ቱቦውን እንደ አሸንዳ ተከትሎ ወደ መሣሪያው ይወርዳል።

2ኛ፤ ስለ ገመዶቹ ዓይነትና ርቀት

ሀ) የምስል ገመድ። ቴሌቪዥንን ከመሣሪያው ጋር የሚያገናኘው ኤችዲኤምአይ የሚባለው ገመድ እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ደረጃ በሴኮንድ 10.2 ጊጋቢት ያሳልፍ ነበር፤ በ2013 18፥ በ2017 48፥ በ2025 ደግሞ 96 ደርሷል። በ2009 ደረጃ ተሠርቶ በልስን ውስጥ የተቀበረ ገመድ ለአዲሶቹ መሣሪያዎች ሙሉ አገልግሎት ሊሰጥ አይችልም። በቱቦ ውስጥ ያለው ግን በግማሽ ቀን ሥራ ተስቦ ወጥቶ በሌላ ይተካል። ደግሞም ተራው የመዳብ ኤችዲኤምአይ ከ5 ሜትር በላይ ሲረዝም ለከፍተኛ ጥራት ምስል እምነት አይጣልበትም። ለ10 ወይም ለ20 ሜትር በውስጡ የብርሃን ክር ያለው ዓይነት ይፈለጋል። ይህም ገመድ አቅጣጫ አለው፤ አንዱ ጫፍ ለላኪው መሣሪያ፥ ሌላው ለቴሌቪዥኑ ነው። ተገልብጦ ከተዘረጋ ምስል አይሰጥም።

ለ) የኔትወርክ ገመድ። ካት 6 የሚባለው 1 ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር፥ 10 ጊጋቢት ግን እስከ 55 ሜትር ያደርሳል። ካት 6ኤ 10 ጊጋቢቱን እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። በግድግዳ ውስጥ የሚገባው እያንዳንዱ ክሩ አንድ ወጥ ሽቦ የሆነው ነው፤ ከብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደው ለመሣሪያ ማገናኛ ብቻ ይሁን።

ሐ) የዲሽ ገመድ። 75 ኦም የሆነው አርጂ 6 የሚባለው ነው። ከዲሹ እስከ መሣሪያው ሳይቀጠል በአንድ ወጥ መዘርጋት ይገባዋል።

መ) የስፒከር ገመድ። እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ያስፈልጋል። ገመዱ ለኤሌክትሪኩ የሚያደርገው ተቃውሞ ከስፒከሩ ተቃውሞ ከመቶ 5 እጅ እንዳይበልጥ ይመከራል። ስፒከሩ 8 ኦም ቢሆን ወሰኑ 0.4 ኦም ነው። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በ1000 ሜትር 12 ኦም ያህል ይቃወማል። ስፒከሩ 15 ሜትር ቢርቅ፥ መሄጃና መመለሻው 30 ሜትር ስለሚሆን ተቃውሞው 0.36 ኦም ነው፤ ይበቃል። 20 ሜትር ቢርቅ ግን 0.48 ስለሚሆን ወሰኑን ያልፋል፤ ያን ጊዜ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መግዛት ግድ ነው። ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ ርቀቱ በግማሽ ይቀንሳል።

3ኛ፤ ስለ ቱቦው ስፋት

ቱቦ ከውስጥ ስፋቱ 40 ከመቶ በላይ እንዲሞላ አይደረግም። የውስጥ ወርዱ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ 490 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ከዚህ 40 ከመቶው 196 ነው። አንድ ባለ 6 ሚሊ ሜትር የካት 6 ገመድ 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለሚይዝ 7 ገመድ ይገባል ማለት ነው። የኤችዲኤምአይ ራስ ግን ከነመያዣው ወደ 20 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ በዚህ ቱቦ ጥምዝ ላይ ይቀረቀራል፤ ለእርሱ 40 ሚሊ ሜትር ይሻላል። በሁለት ሣጥኖች መካከል ከሁለት በላይ ጥምዝ አይኑር፤ ጥምዙም ሰፋ ያለ ይሁን። በየቱቦው ውስጥ ጠንካራ የናይሎን ሲባጎ መተው ለወደፊት ሥራ ትልቅ እርዳታ ነው።

4ኛ፤ ከመብራት መሥመር ስለ መለየት

ባለ 220 ቮልት የመብራት ሽቦና የድምፅ ገመድ በአንድ ቱቦ ውስጥ ሊገቡ ፈጽሞ አይገባም። አንደኛ ለሰው ሕይወት አደገኛ ነው፤ ሁለተኛ ስፒከሩ ያጉረመርማል። ጎን ለጎን ሲሄዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራራቁ፤ መቋረጥ ግድ ሲሆን ቀጥ ባለ መስቀል ይቋረጡ። ደግሞ ቤዝመንት መውጫው ጥቂት ስለሆነ በእሳት ጊዜ ጭስ ከነበልባል ይልቅ ያስፈራል። ተራው የፒቪሲ ልባስ ሲቃጠል የሚያፍን አሲዳማ ጋዝ ያወጣልና፥ ጭሱ አነስተኛ የሆነውንና ክሎሪን የሌለበትን ልባስ ማስመጣት ብልኅነት ነው።

5ኛ፤ ስለ መዳብና ስለ ተለበጠው አሉሚኒየም

በገበያ ላይ ከላይ መዳብ የተለበጠ የአሉሚኒየም ገመድ በመዳብ ስም ሲሸጥ ይገኛል። አሉሚኒየም ከመዳብ ይልቅ 1.6 እጥፍ ያህል ይቃወማል፤ ስለዚህ ከላይ የተሠራው ሒሳብ ሁሉ ይፈርሳል። የጥበቃ ካሜራ በኔትወርክ ገመዱ ኃይል ሲያገኝም ገመዱ ከሚገባው በላይ ይሞቃል። መለያው ቀላል ነው፤ ሽቦውን በቢላዋ ሲፍቁት ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ግን ከላይ ነጭ ሆኖ ሲፋቅ ቀይ ይወጣዋል፤ ሁለቱን ማሳሳት አይገባም። ክብደቱም ይናገራል፤ አሉሚኒየም ከመዳብ ክብደት ሢሶውን እንኳ አይሞላም። አስመጪው በፕሮፎርማው ላይ «ንጹሕ መዳብ» የሚለው ቃልና የሽቦው ውፍረት ተጽፎ እንዲመጣለት ያድርግ፤ 305 ሜትር የሚይዘው ጥቅል ሲደርስም አንዱን ፈትቶ ይመርምር። በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከግድግዳ የሚነቀል ዕቃ ለሻጭም ለገዢም ለአገርም ኪሳራ ነው።

6ኛ፤ ሳይለሰን መፈተን

ለሳኙ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ ገመድ በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ይለጠፍበት፤ በመፈተኛ መሣሪያ ይፈተን፤ የምስሉ ገመድ ግን በራሱ ቴሌቪዥን ይሞከር። መሣሪያዎቹ በሚቆሙበት ስፍራ 1 ሜትር፥ በየመውጫው 30 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይተው። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ሁሉ ሜትር ተይዞበት ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ፎቶግራፉም ከቤቱ ፕላን ጋር ይቀመጥ። ይህ ካልተደረገ ወደፊት ሥዕል ለመስቀል የሚመታው ምስማር ገመዱን ይበሳዋል።

ባለ ሱቁ ለገዢው ሊያቀርብ የሚገባው ጥያቄ

ከመሣሪያው እስከ ቴሌቪዥኑ ስንት ሜትር ነው? ስፒከሩ ስንት ኦም ነው? መሥመሩ በብሎኬት ያልፋል ወይስ በኮርኒስ? ቱቦ ተቀብሯል ወይ? ስፋቱስ ስንት ነው? ልስኑ መቼ ይጀመራል? እነዚህን የጠየቀ ሻጭ አንዳንድ ጊዜ ከተጠየቀው ያነሰ ገመድ ይሸጥ ይሆናል፤ ነገር ግን ቱቦውንም፥ ሣጥኑንም፥ ሲባጎውንም ይሸጣል፤ ገዢውም ለሚቀጥለው ፎቅ ተመልሶ ይመጣል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው፥ ከልስን በፊት የአንድ ቀን ትዕግሥት ከልስን በኋላ የሚመጣውን የብዙ ቀን ወጪ ያድናል።