ማርክ የያዘ እጅ፦ ጾታዊ ትንኮሳና የሴቶች የሳይንስ ሙያ

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚወጣው ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። ያንን ውሃ የሚመረምር ኬሚስት ያስፈልጋል። በዙሪያችን ያሉት ፋብሪካዎችም የላቦራቶሪ ባለሙያና መሐንዲስ ይፈልጋሉ። እነዚህ ባለሙያዎች የሚወጡት ነገ እኛ ከምናስተምርበት ክፍል ነው። ታዲያ ከልጃገረዶቹ ብዙዎቹን መንገድ ላይ የሚያስቀራቸው ምንድን ነው?

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ሲባል ኖሯል። ሥራ ግን ተረቱን አፍርሶታል። ፍኖተ ሰላም የተወለዱት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ አለማያ የግብርና ኮሌጅ ተምረው የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሬያል ዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሸላሚ ነበሩ። ይሁንና አንድ ነገር ልብ እንበል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኮሌጅነት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን፣ በዚያው የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር የባዮሎጂ ምሁሯ ያለምፀሐይ መኮንን ማዕረጉን ያገኙት በ2009 ነው። በመካከሉ 59 ዓመት አለ። ለዚህ የቤት ሥራ ጫናና ያለ ዕድሜ ጋብቻ ምክንያት ናቸው፤ ትንኮሳ ግን ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የሚነሳ ምክንያት ስለሆነ በቀጥታ እኛን ይመለከታል።

ለመሆኑ ትንኮሳ ምንድን ነው?

የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሕክምና መስክ ስላሉ ሴቶች ባወጡት ጥናት በሦስት ይከፍሉታል፦

ሀ/ በሴትነት ማዋረድ፤ «አንቺ ደግሞ ፊዚክስ ምን ያደርግልሻል? ባል ፈልጊ» እንደማለት።
ለ/ ሳትፈልግ መንካት፣ ስለ ገላዋ ማውራት፣ እምቢ ስትል መወትወት።
ሐ/ ማርክን፣ ፊርማን ወይም የሥራ ዕድገትን መያዣ አድርጎ መጠየቅ።

ከሁሉ የበዛው የመጀመሪያው፣ እኛ «አይ፣ ጨዋታ ነው» ብለን በሳቅ የምናልፈው ነው።

ሥሩስ የት ነው? መልኳ አይደለም፣ አለባበሷም አይደለም። ሥሩ ሥልጣን ነው። ሳይንስ ደግሞ ጥገኝነት የሚበዛበት ሙያ ነው፤ የላቦራቶሪው ቁልፍ አንድ ሰው ጋ ነው፣ አማካሪው ካልፈረመ መመረቅ የለም፣ የመስክ ሥራ ከቤት ያርቃል። የተተነኮሰች ልጅ ብዙ ጊዜ አትጮህም፤ ዝም ብላ ትምህርት ክፍሏን ትቀይራለች። እኛም «አየህ፣ ሒሳቡ ከብዷት ነው» እንላለን። እንዲህ እያለ በደሉ የችሎታ ማነስ መስሎ ይመዘገባል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 በሥልጣኑ ተጠቅሞ ሴትን ለወሲብ የሚያስገድድ አሳዳጊን፣ አሠሪንና መምህርን በስም ጠርቶ በእስራት ይቀጣል። የእኛ ሙያ እዚያ ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው። ክሱ የሚቀርበው በተበዳይዋ አቤቱታ ነው፤ ስለዚህ ልጅቷን ዝም የሚያሰኝ ሁሉ ሕጉንም ዝም ያሰኛል። ልጅቷ ለአካለ መጠን ካልደረሰች ቅጣቱ ይከብዳል። ለፋብሪካ ሠራተኞችም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል።

እኛ እጩ መምህራንስ ምን እናድርግ?

1ኛ/ ፈተና ስናርም ነጥብ አሰጣጡን ለክፍሉ ሁሉ እናሳይ፤ ማርክ ምስጢር ሲሆን መያዣ ይሆናል።
2ኛ/ ተማሪን ብቻዋን ወደ ቤት ወይም ወደ ተዘጋ ቢሮ አንጥራ፤ ማስረዳት ካስፈለገ በር ተከፍቶ፣ ጓደኛዋ ባለችበት ይሁን።
3ኛ/ በላቦራቶሪ ወንዱ ሙከራ ሠሪ፣ ሴቷ ጸሐፊና ዕቃ አጣቢ አትሁን፤ በተራ ይሥሩ።
4ኛ/ ስትነግረን «ምን ለብሰሽ ነበር?» አንበል። ቀኑንና የተባለችውን ጽፋ እንድትይዝ እንምከራት፣ አቤት የምትልበትን ቦታም አብረን እንሂድ።
5ኛ/ አጥፊው የሥራ ባልደረባችን ቢሆንም አንሸፍን። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ የሙያ ክብር የሚለካውም በዚህ ነው።

ለውይይት፦

— በማስተማር ልምምድ ላይ ከሴት ተማሪዎች ይልቅ ለወንዶች ስንት ጥያቄ አቀረብን? ቆጥረን እናምጣ።
— አንዲት ተማሪ የሌላ መምህርን ስም ጠርታ ብታለቅስ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ምን እናደርጋለን?