ለዕለት ምግብ የሚውሉ የጨው ዓይነቶች ንጽጽር፦ ከአሞሌ እስከ አዮዲን የተጨመረበት ጨው

አኅጽሮት

ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ ለምግብ የሚውሉ አራት የጨው ዓይነቶችን በሶዲየም ይዘታቸው፣ በአዮዲን መጠናቸውና በአያያዛቸው ያነጻጽራል። ጨዎቹ በሶዲየም ይዘት እምብዛም አይለያዩም። ለጤና ወሳኙ ልዩነት አዮዲን መኖር አለመኖሩ፣ ካለም መጠኑና እስከ ማዕድ መዝለቁ ነው።

1. መግቢያ

የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ለመሥራት አዮዲን ያስፈልገዋል፤ ይህም ንጥረ ነገር የሚገኘው ከምግብ ብቻ ነው። እጥረቱ ሲራዘም ዕጢው አብጦ እንቅርት ይሆናል። ከእንቅርት የከፋው ግን ለዓይን የማይታየው ጉዳት ነው፤ በእርግዝና ወቅት የሚያጋጥም ብርቱ የአዮዲን እጥረት የጽንሱን የአእምሮ እድገት ያውካል። አፈሩ በዝናብና በጎርፍ በታጠበባቸው ደጋማ አካባቢዎች የሚበቅል እህል አነስተኛ አዮዲን ስለሚይዝ፣ ጨው ሀብታምም ድኻም በየቀኑ የሚቀምሰው ነገር በመሆኑ የአዮዲን ማድረሻ ሆኖ ተመርጧል።

2. ጨዎቹና ምንጫቸው

አሞሌ፦ በአፋር ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ከሚገኘው የአሳሌ ሐይቅ ዳርቻ እየተፈነቀለ በጡብ መልክ የሚጠረብ ጨው ነው። ለብዙ ዘመናት ከምግብነቱ ባሻገር እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ድፍን ስለሆነ አዮዲን በእኩል ሊዳረስበት አይችልም።

የአፍዴራ ጨው፦ ጨዋማው ውኃ ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎች ተጠራቅሞ በፀሐይ ሲተን የሚቀረው ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገሪቱ የምግብ ጨው በአብዛኛው ከኤርትራ የቀይ ባሕር ዳርቻ ይመጣ ነበር። በጦርነቱ ምክንያት ድንበሩ ሲዘጋ አፍዴራ ቦታውን ተካ፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ጨው ለገበያ የቀረበው አዮዲን ሳይጨመርበት ነው።

የታሸገ ደቃቅ ጨው፦ ታጥቦና ተፈጭቶ ፖታሲየም አዮዴት የሚረጭበት ነው።

ሮዝ ጨው፦ በፓኪስታን ፑንጃብ ግዛት ከሚገኘው የኬውራ ማዕድን የሚወጣ ሲሆን ቀለሙን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው። ብዙውን ጊዜ አዮዲን አይጨመርበትም።

3. ንጽጽር

3.1 ሶዲየም

ከሶዲየም ክሎራይድ ክብደት 40 በመቶ ገደማው ሶዲየም ነው። አራቱም ጨዎች በአመዛኙ ከዚሁ ውሕድ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ሮዝ ወይም ያልተጣራ ጨው ለደም ግፊት ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ መሠረት የለውም። በውስጣቸው የሚገኙት ሌሎች ማዕድናትም በቀን ከሚበላው ጥቂት ግራም ጨው አንጻር እጅግ ያነሱ ናቸው። ከሻካራ ጨው የተሰፈረ አንድ ማንኪያ ከደቃቁ የሚቀለው በቅንጣቶቹ መካከል ክፍተት ስላለ ነው፤ በሚዛን ሲለካ ግን ልዩነቱ ይጠፋል።

3.2 አዮዲን

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨውና 150 ማይክሮግራም አዮዲን ይመክራል። በቤተሰብ ደረጃ በቂ የሚባለው ዝቅተኛ መጠን፣ ማለትም በኪሎግራም 15 ሚሊግራም አዮዲን የያዘ ጨው፣ በ5 ግራም ውስጥ የሚሰጠው 75 ማይክሮግራም ብቻ ነው። 150 ለመድረስ ወይ ጨውን በእጥፍ መብላት፣ ወይ የአዮዲኑን መጠን ወደ 30 ሚሊግራም ማሳደግ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው አማራጭ የደም ግፊትን ስለሚያባብስ አይመከርም። ለዚህም ነው ድርጅቱ አማካይ ፍጆታው 10 ግራም ለሆነበት ሕዝብ በማምረቻው ላይ በኪሎግራም 20 ሚሊግራም፣ 5 ግራም ለሆነበት ደግሞ 39 ሚሊግራም እንዲጨመር የሚመክረው። ስሌቱ ጨው ቤት እስኪደርስ 30 በመቶ የሚሆን ብክነትን ታሳቢ ያደርጋል።

3.3 አያያዝ

ፖታሲየም አዮዴት ከአዮዳይድ ይልቅ እርጥበትን ቢቋቋምም፣ ክፍት ዕቃ፣ ፀሐይና እርጥብ ከረጢት መጠኑን ይቀንሱታል። አዮዲኑ በቅንጣቱ ገጽ ላይ ስለሚያርፍ ሻካራ ጨውን ቆሻሻው እንዲለቅ ማጠብ አዮዲኑንም አብሮ ያስወግዳል። ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመርና በተከደነ ዕቃ ማኖር ብክነቱን ይቀንሳሉ።

4. ውይይትና ማጠቃለያ

የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ አዮዲን ያለበት ጨው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2011 ከነበረበት 15 በመቶ በ2016 ወደ 89 በመቶ አድጓል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዮዲን መጨመርን የሚያስገድድ ደንብ በዚህ መካከል ሥራ ላይ ውሏል። ሆኖም በየቤቱ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ የሚያረጋግጠው የአዮዲንን መኖር እንጂ ትክክለኛ መጠኑን አይደለም፤ መጠኑን ለማወቅ በቤተ ሙከራ የሚደረግ ቲትሬሽን ያስፈልጋል። ስለዚህ የሽፋን ዕድገት ብቻውን የበቂነት ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ለዕለት ምግብ ተመራጩ በአግባቡ አዮዲን የተጨመረበት፣ በልክ የሚበላና ተከድኖ የሚቀመጥ ጨው ነው። በፖሊሲ ረገድ ጨውን የመቀነስና አዮዲንን የማዳረስ መርሐ ግብሮች ተናበው ሊታቀዱ ይገባል፤ አንዱ ፍጆታን ሲቀንስ ሌላው የአዮዲኑን መጠን ካላስተካከለ፣ የደም ግፊትን ለመከላከል የተወሰደው እርምጃ ነፍሰ ጡሮችንና ጽንሶችን ለአዮዲን እጥረት ሊያጋልጥ ይችላል።