አልጋ፣ መታወቂያና የስልክ ክፍያ፦ የሳይበር ደኅንነት በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ሆቴሎች

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በመተማ ዮሐንስ፣ በገንደ ውኃና በአካባቢያቸው የሚሠሩ አነስተኛ ሆቴሎችና አልጋ ቤቶች የሚገጥማቸውን የሳይበር ሥጋት ይመረምራል። መሠረቱ ጉዳዩን የሚገዙት የአገሪቱ አዋጆችና በሌላው ዓለም በሆቴሎች ላይ የደረሱ የታወቁ ጥቃቶች ንባብ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ለትልልቅ ሆቴሎች የተዘጋጀ የደኅንነት መመሪያ ለዚህ አካባቢ እንዳለ አይበቃም የሚል ነው። የቆላው ሆቴል ሥጋት የሚያተኩረው በሦስት ነጥቦች ላይ ነው፤ እነርሱም የስልክ ክፍያ ማረጋገጫ፣ የእንግዳ ማንነት መረጃና የጋራ ኔትወርክ ናቸው።

1. መግቢያ

ከጎንደር በአይከልና በገንደ ውኃ አድርጎ የሚወርደው መንገድ ኢትዮጵያን ለቅቆ ሱዳን የሚገባው በመተማ ዮሐንስ ነው። ከድንበሩ ማዶ ጋላባት ትገኛለች። በዚህ መስመር ያሉ ሆቴሎች ደንበኞቻቸው እንደ ወቅቱ ይለዋወጣሉ። በሰሊጥ አረምና አጨዳ ጊዜ ከደጋው የሚወርዱ ሳሉጎች፣ የእህል ነጋዴዎችና ደላሎች ይበዛሉ፤ በሌላው ጊዜ የጭነት ሾፌሮችና የጉምሩክ አስተላላፊዎች ያድራሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ ከሱዳን የሚሸሹ ቤተሰቦችና የዕርዳታ ድርጅት ሠራተኞች በመተማ በኩል በብዛት አልፈዋል፤ በዞኑም በኩመርና በአውላላ የስደተኞች መጠለያዎች ተቋቁመዋል።

ከዚህ የተነሣ የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ብዙ ጥሬ ገንዘብና የስልክ ክፍያ የሚያልፍበት፣ እንዲሁም ማንነታቸው ቢገለጥ አደጋ ሊያገኛቸው የሚችል ሰዎች ስም የሚመዘገብበት ስፍራ ሆኗል።

2. ከሌላው ዓለም የሚገኝ ትምህርት

ማሪዮት የተባለው የሆቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 እንዳስታወቀው፣ የስታርዉድ ሆቴሎች የእንግዳ መረጃ ቋት ውስጥ ሰርጎ ገቦች ከ2014 ጀምሮ ነበሩ። ማሪዮት ስታርዉድን የገዛው በ2016 በመሆኑ፣ ከንብረቱ ጋር ሰርጎ ገቦቹንም ሳያውቅ ተረክቧል ማለት ነው። ከተወሰዱት መረጃዎች መካከል ከ5 ሚሊዮን በላይ ያልተመሰጠሩ የፓስፖርት ቁጥሮች ይገኙበታል። በዚሁ ምክንያት የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ በ2020 የ18.4 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጥሏል። ሁለተኛው ጉዳይ በመስከረም 2023 በኤምጂኤም ሪዞርቶች ላይ የደረሰው ነው። እንደተዘገበው አጥቂዎቹ መንገዳቸውን የጀመሩት የኩባንያውን ሠራተኛ መስለው ለቴክኒክ ድጋፍ ክፍል ስልክ በመደወል ነበር፤ ኩባንያውም ጉዳቱን ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል።

ከእነዚህ ጉዳዮች ወደ መተማ የሚሻገሩ ሁለት ትምህርቶች አሉ። አንደኛው፣ ያልተከማቸ መረጃ አይሰረቅም። ሁለተኛው፣ ውድ የሆነ ቴክኖሎጂም ቢሆን ስልክ አንሥቶ የሚያምን ሠራተኛን አይተካም።

3. የስልክ ክፍያና የኔትወርክ መቋረጥ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአልጋ ክፍያን በስልክ መፈጸም የተለመደ ሆኗል። በዚህ ላይ የሚመጣው ማጭበርበር ሥርዓቱን ሰብሮ የሚገባ ሳይሆን ማረጋገጫውን አስመስሎ የሚያቀርብ ነው። ከተራ የስልክ ቁጥር የሚላክ የክፍያ አጭር መልእክት፣ ተቀይሮ የተሠራ የደረሰኝ ምስልና «በስሕተት ስለላክሁ መልሱልኝ» የሚል ጥሪ ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

የሆቴሉ ሒሳብ በባለቤቱ የግል ስልክ የተከፈተ ከሆነና ባለቤቱ በቦታው ከሌለ፣ እንግዳ ተቀባዩ ሊያይ የሚችለው የከፋዩን ስልክ ብቻ ነው። ይህም ማለት ማስረጃውን የሚያቀርበውም የሚመሰክረውም አንድ ሰው ይሆናል። ችግሩ በኔትወርክ መቋረጥ ጊዜ ይባባሳል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ በታወጀበት ወቅት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ኢንተርኔት ሲጠፋ የስልኩ መተግበሪያ ይቆማል፤ ነገር ግን በ*127# የሚሰጠው አገልግሎት ኢንተርኔት ስለማይፈልግ የድምፅ መስመሩ እስካለ ድረስ ይሠራል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ «ኔትወርክ የለም» በሚል ምክንያት ምስል አይቶ ቁልፍ ይሰጣል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የኔትወርክ መቋረጥ የአገልግሎት ጉድለት ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ የደኅንነት ክፍተት ነው።

4. የእንግዳ ማንነት መረጃ

ሆቴሎች የእንግዳን ስምና የመታወቂያ ቁጥር መመዝገባቸው የቆየ አሠራር ነው። ወፍራሙ የወረቀት መዝገብ የራሱ ጉድለት ቢኖርበትም፣ ሊሰረቅ የሚችለው ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ነው። መታወቂያውን ወይም ፓስፖርቱን በሠራተኛ የግል ስልክ አንሥቶ በቴሌግራም መላክ ሲጀመር ግን ምስሉ በስልኩ፣ በተቀባዩ ስልክና በመጠባበቂያ ቅጂዎች ይባዛል። ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ምስሎቹም አብረውት ይሄዳሉ።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተወሰነና ሕጋዊ ዓላማ እንዲሰበሰብ፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሆንና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቆይ ይጠይቃል። ጥሰት ሲደርስም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ የማሳወቅ ግዴታ ይጥላል። በዚህ መለኪያ ሲታይ፣ ለመመዝገብ ቁጥሩ ብቻ በቂ በሆነበት ቦታ የፓስፖርት ሙሉ ምስል ማስቀመጥ ለማስረዳት ያስቸግራል። ከጦርነት ሸሽቶ ለመጣ ሰው የት ክፍል እንዳደረና ከማን ጋር እንደመጣ መታወቁ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። በደጋው ከተማ እንደ ቸልተኝነት የሚታየው ነገር በድንበር ከተማ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

5. የጋራ ኔትወርክ

አንድ ራውተር ለእንግዶች ዋይፋይ፣ ለሒሳብ ኮምፒዩተርና ለደኅንነት ካሜራ በጋራ ሲያገለግልና የይለፍ ቃሉ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣ ማንኛውም ያደረ ሰው ወደ ሆቴሉ መሣሪያዎች ይቀርባል። ራውተሩና ካሜራው ከፋብሪካ በመጡበት የይለፍ ቃል የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ በሩ ክፍት ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. በመቋረጡ፣ በዚሁ የሚሠሩ የሒሳብ ኮምፒዩተሮች ጉዳይም ትኩረት ይሻል። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ሕገ ወጥ ግኝትና ጠለፋ ወንጀሎች ናቸው። አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች በሚያስተዳድሩት ሥርዓት ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቁ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና ለፖሊስ እንዲያሳውቁም ያዝዛል። ዋይፋይ የሚያቀርብ ሆቴል በዚህ ትርጉም ውስጥ የሚወድቅበት ልክ ለሕግ ተመራማሪዎች የሚተው ጥያቄ ነው።

6. ቅደም ተከተል ያለው አፈጻጸም

አቅሙ ውስን የሆነ ሆቴል ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊፈጽም ስለማይችል፣ ቅደም ተከተሉ ከጉዳቱ ክብደትና ከወጪው ማነስ መነሣት አለበት።

መጀመሪያ፣ በግል ስልኮች ያሉ የመታወቂያ ምስሎች ይጥፉ፤ ከዚያ በኋላ ምዝገባው በሚቆለፍ መዝገብ ብቻ ይሁን። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ሁለተኛ፣ ክፍያ የሚቀበለው ስልክ የሆቴሉ ሆኖ በእንግዳ መቀበያው ይቀመጥ። ቁልፍ የሚሰጠው በሆቴሉ ሒሳብ ገንዘቡ መግባቱ ሲታይ ነው። መስመር ጨርሶ ሲጠፋ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ይሁን፤ ይህ ካልተቻለ የግብይት ቁጥሩ ተመዝግቦ እንግዳው ከመሄዱ በፊት ይረጋገጥ። የሚስጥር ቁጥርን በስልክ ለማንም አለመናገር የማይታለፍ ደንብ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የእንግዶች ዋይፋይ ከሆቴሉ መሣሪያዎች ይለይ፣ የፋብሪካ የይለፍ ቃሎች ይቀየሩ። ብዙ ራውተሮች የእንግዳ ኔትወርክ የመክፈት አማራጭ አላቸው።

አራተኛ፣ የሒሳብ መረጃ በየሳምንቱ ወደ ተለየ ዲስክ ይገልበጥ፤ ዲስኩም ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ ይቀመጥ። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ከቫይረስ ብቻ ሳይሆን ከዲስክ ብልሽትም ያድናል።

7. ማጠቃለያ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሆቴል ሳይበር ደኅንነት ውድ መሣሪያ ከመግዛት በፊት የጠረጴዛ ሥርዓት ጉዳይ ነው፤ ማን ምን ያያል፣ ማን ምን ያስቀምጣል፣ መስመር ሲጠፋስ ምን ይደረጋል የሚሉትን ጥያቄዎች አስቀድሞ መመለስን ይጠይቃል። የዞኑ የባህልና ቱሪዝም አካላትም ሆቴሎችን ሲመዝኑ ከአልጋና ከመጸዳጃ ንጽሕና ጎን ለጎን የእንግዳ መዝገብ አያያዝን በመስፈርትነት ቢጨምሩ፣ አዋጁ በወረቀት ያስቀመጠው ጥበቃ እስከ ድንበሩ ለመድረስ መንገድ ያገኛል።