«ከፈልኩ» ካለሽ በኋላ

እስቲ ጠጋ በይልኝ፣ ስክሪኑን ልየው። ያምራል፣ አልዋሽሽም። ሎግኢን አለው፣ ፎቶዎቹ ተሰድረዋል፣ ጋሪዋም ዕቃ ትቆጥራለች። ግን ሚጡዬ፣ ይሄንኑ አምና የተመረቁትም አስረክበዋል። የኢ-ኮሜርስ ኮርስ ቁም ነገሩ የሚጀምረው ደንበኛው «ግዛ» የሚለውን ከነካ በኋላ ነው፤ ያንቺ ፕሮጀክት ደግሞ እዚያ ሲደርስ «እናመሰግናለን» ብሎ ይተኛል።

የምትሸጪውን ስትመርጪ ለምን ወርቅ አላልሽም? ሰፈርሽ አራዳ፣ ያደግሽው የፒያሳን ወርቅ ቤቶች መስኮት እያየሽ! ከነዚያ ነጋዴዎች አንዱን ፈልጊና፣ ዛሬ የትም ይሥራ የት፣ ግማሽ ቀን አጠገቡ ቁሚ። ቀለበቱን ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፣ ግራሙን ያነባል፣ 18 ካራት ይሁን 21 ያያል፣ በዕለቱ ዋጋ ያባዛል፣ የእጅ ዋጋ ይጨምራል፤ ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። አሁን ዳታቤዝሽን ክፈቺው። «ዋጋ» የሚል አንድ ኮለም ብቻ ነው ያለሽ። ጠዋት ታዝዞ ማታ የተከፈለበት ቀለበት በየትኛው ዋጋ ነው የሚሸጠው? ዋጋው ለስንት ሰዓት ይያዝለታል? ያንኑ ቀለበት ሱቅ የገባ ሰው ገዝቶት ሄዶ ቢሆንስ? ያለው አንድ ብቻ ነበር እኮ። ለዲፌንስ ቀን ይሄ ብቻውን ይበቃሻል።

ክፍያው ላይ ግን ሳልቆይ አላልፍም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ፣ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 መጣ፣ እንደ ቻፓ ያሉት ደግሞ ባንኩንም ዋሌቱንም በአንድ በር ያስገቡልሻል። ስለዚህ የመክፈያ መንገድ የለም የሚለው ሰበብ አልፎበታል። አስቸጋሪው መተማመኑ ነው። በቴሌግራም የሚሸጥ ነጋዴ «ከፈልኩ» ተብሎ ስክሪንሾት ስለተላከለት ብቻ ዕቃውን አይለቅም፤ ስክሪንሾት ስልክ ላይ ተቀባብቶ እንደሚሠራ ያውቃል። የራሱ ሚሴጅ እስኪገባ፣ ካልሆነም የባንክ ዝውውሩን መለያ (ኤፍቲ) ቁጥር እስኪያጣራ ይጠብቃል። ኮድሽ የሱን ያህል ተጠራጣሪ ይሁን። ደንበኛው ከክፍያ ገጹ ተመልሶ ወዳንቺ ገጽ ስለመጣ «ተከፍሏል» ብለሽ አትመዝግቢ፤ ያንን ሊንክ ማንም በእጁ ጽፎ ሊከፍተው ይችላል። ሰርቨርሽ ራሱ የትዕዛዙን መለያ ቁጥር ይዞ የክፍያ ድርጅቱን ሰርቨር ይጠይቅ፣ የብሩንም መጠን ያስተያይ። «ተከፈለ» የሚለው መልእክት ደግሞ ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፣ ሁለት ቀለበት እንዳትልኪ።

የመማሪያ መጽሐፍ ወሬ እንዳይመስልሽ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን አትረሺውም፤ ሲስተሙ ሒሳብ ላይ ካለው በላይ ብር ሲሰጥ፣ ወሬውን የሰማ ተማሪ በየግቢው ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ባንኩ የወጣውና የተዘዋወረው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው አለ፤ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ የራሳችን ሲስተም ነው ብሎ ነበር። ከዚያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን «መልሱ» እያሉ ማስታወቂያ ለጠፉ። ሒሳብ ሳያጣሩ ብር መልቀቅ ማለት ይሄ ነው።

አድራሻ የሚሞላበትን ፎርም ደግሞ ከየት ገለበጥሽው? ዚፕ ኮድ ይላል! ሞተረኛው የሚፈልገው ስልክ ቁጥርና ምልክት ነው፦ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ከጣይቱ ሆቴል አለፍ ብሎ። ምልክቱም ቢሆን አያስተማምንም፤ ዶሮ ማነቂያ ፈርሶም ሰው «ዶሮ ማነቂያ ጋ» ማለቱን አልተወም። ሎኬሽን መላኪያ ጨምሪበት። ሰዓቱንም እዪው። «3 ሰዓት ላይ አምጡልኝ» ያለችሽ እናት ጠዋት ማለቷ ነው፤ ሲስተምሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ከያዘው ሞተረኛው ከቀኑ 9 ሰዓት በሯን ያንኳኳል።

ገበያ ከአራዳ ሲነሳ የ2016ቱ የፒያሳ መፍረስ የመጀመሪያው አይደለም። ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ ዛሬው መርካቶ የገፋው ጣሊያን ነበር። ፒያሳ ሲፈርስ ሱቁ የተነሳበት ነጋዴ ደግሞ ከዕቃው ሌላ ይዞት የወጣው የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር ነው። አምኖ ያንን ዝርዝር ለፕሮጀክትሽ ከሰጠሽ እንደ ወርቁ ቆልፊበት። ኤክሴል ላይ ገልብጠሽ ለጓደኞችሽ በቴሌግራም አትላኪ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል እኮ። ኤሌክትሮኒክ መልእክት በሕግ ፊት እንዲቆም ያደረገውን የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ፣ ቁጥር 1205/2012ን፣ አውርጂና አንብቢው። የአይቲ ልጅ አዋጅ አያነብም ያለሽ ማነው?

አሁን ቴስት ሞዱን ክፈቺና አንድ ትዕዛዝ አስገቢ። ክፍያው መሃል ላይ ሲደርስ ዋይፋዩን አጥፊው። ትዕዛዙ ምን ይላል፣ «ተከፍሏል» ወይስ «በመጠባበቅ ላይ»? እሱን ልይና ስለ ከለሩ በኋላ እናወራለን።