አውሎ ነፋስ ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሰው

በዚህ ትምህርት ሳይክሎን ስለሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ እንማማራለን። «ባሕሩ ያለው በርበራ ነው፤ ሐርጌሳ ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ምን ያሰጋታል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ሳይክሎን ኃይሉን የሚያገኘው ከሞቀ የባሕር ውኃ ነው። በአሜሪካ በኩል ሀሪኬን፣ በሩቅ ምሥራቅ ታይፉን ይባላል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ወደ የብስ ሲገባ ነፋሱ ይደክማል፤ የተሸከመው እርጥበት ግን አብሮት ይጓዛል። እርጥቡ አየር ተራራ ሲገጥመው ወደ ላይ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፤ ዝናብ ሆኖም ይወርዳል። ስለዚህ ከባሕር ርቆ በተራራማ አገር ለሚኖር ሰው ዋናው ጠላት ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ነው።

ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2018) ሳጋር የተባለው ሳይክሎን በአውዳል ጠረፍ በኩል ገባ። በሶማሌላንድ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ከብትም አለቀ። ዝናቡ ድንበር ተሻግሮ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልልም ጉዳት አድርሷል።

ደረቅ ወንዝ እንዴት እንደሚያታልል ከድሬዳዋ እንማር። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከላይ በደጋው የጣለው ዝናብ ደቻቱን ሞልቶ በሌሊት ደረሰ፤ በእንቅልፍ ላይ የነበሩትን ጨምሮ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። በሐርጌሳ መካከል የሚያልፈው ማሮዲ ጄሕም አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ. ቤት ስንከራይ ወይም ሸራ ስንወጥር ከወንዙ ዳርና ከቦዩ እንራቅ።

2ኛ. በእነዚህ ባሕሮች ሳይክሎን የሚበዛው በግንቦትና በሰኔ፣ እንዲሁም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በነዚህ ወራት ሬዲዮ እናዳምጥ። ማስጠንቀቂያው በሶማልኛ ስለሚነገር ሦስት ቃላት እንያዝ፦ ሮብ ዝናብ፣ ዳድ ጎርፍ፣ ዱፋን አውሎ ነፋስ ነው። ያልገባንን ጎረቤት እንጠይቅ።

3ኛ. የስደተኛ መታወቂያና የልጆች የክትባት ካርድ በላስቲክ ተጠቅልለው በአንድ ቦርሳ ይቀመጡ። ባትሪና ንጹሕ ውኃ የሞላ ጄሪካን ይዘጋጅ።

4ኛ. ቤተሰቡ የሚሰበሰብበትን ከፍ ያለ ቦታ ዛሬውኑ እንስማማበት፤ ልጆችንም በእግር ወስደን እናሳያቸው።

5ኛ. የሚፈስ ጎርፍ አንሻገር። ከጉልበት በታች የሆነ ውኃ እንኳ ሰውን ይጥላል።

6ኛ. ጎርፉ ካለፈ በኋላ ውኃ አፍልተን እንጠጣ።

ይህን ትምህርት ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችን እናንብብላቸው።