ስለ ካምሻፍት ሴንሰር ብልሽት አመረማመር

ዘርና ማዳበሪያ የሚያደርስ መኪና በክረምት መግቢያ ሲቆም የሚዘገየው የገበሬው ሥራ ነው። ስለዚህ የመመርመሪያው መሣሪያ ፒ0340 የሚል ቁጥር ባወጣ ጊዜ ወዲያው አዲስ ሴንሰር መግዛት አይገባም። ቁጥሩ የሚጠረጠረውን መስመር ያመለክታል እንጂ የተበላሸውን ዕቃ ለይቶ አይፈርድም።

ካምሻፍት የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍት ዘንግ ነው፤ ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር እርሱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሴንሰሩም የዘንጉን አቋም ለሞተሩ ኮምፒዩተር ያስታውቃል። መልእክቱ ሲቋረጥ ሞተሩ ለመነሣት ይዘገያል፤ ጉልበቱም ይደክማል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይነሣም።

ምርመራው በዚህ ተራ ይሁን።

1ኛ፤ ሶኬቱ የላላ ወይም ዘይት የገባበት፥ ሽቦውም የተላጠ ወይም አይጥ የበላው እንደ ሆነ ይታይ።

2ኛ፤ ሴንሰሩ ባለ ሦስት ሽቦ ከሆነ፥ ቁልፉ በርቶ አንደኛው ሽቦ እንደ ሞተሩ አሠራር 5 ወይም 12 ቮልት፥ ሁለተኛው ኔጌቲቭ ማግኘቱ ይለካ። ኤሌክትሪኩ ካልደረሰ ጥፋቱ የሴንሰሩ አይደለም።

3ኛ፤ ሞተሩ ሲዞር በሦስተኛው ሽቦ ያለው ቮልት ከፍና ዝቅ ማለቱ ይታይ። ሽቦው ደኅና ሆኖ፥ ካምሻፍቱም እየዞረ ቮልቱ ካልተለዋወጠ፥ ያን ጊዜ ሴንሰሩ ይለወጥ።

ፒ0016 የሚል ቁጥር ቢጨመር ግን ካቴናው ወይም ቺንጋው ጥርስ ዘሎ ይሆናል። በብዙ ሞተር ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ስለሚችሉ፥ መካኒክ ሳያየው ሞተሩን ማስነሣት አይገባም።