«ያኔ ስንት ነበረው?» ለሚል ጥያቄ የሚተከል ኖድ

አለቃዎ «የኢቴሪየም አርካይቭ ኖድ ያስፈልገናል» ካሉዎት፣ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት «ምን ልንጠይቀው ነው?» ይበሏቸው። የዛሬን ቀሪ ሒሳብ ለማየት ተራው ፉል ኖድ ይበቃል። «ይህ አድራሻ ከሦስት ዓመት በፊት ስንት ነበረው?» የሚል ኦዲተር ሲመጣ ግን ፉል ኖዱ መልስ የለውም። ጌት የተባለው ሶፍትዌር ካልታዘዘ በቀር የሒሳቦችን የኋላ ሁኔታ የሚይዘው ለመጨረሻዎቹ 128 ብሎኮች ያህል ነው፤ በየ12 ሰከንዱ አንድ ብሎክ ሲታሰብ ግማሽ ሰዓትም አይሞላም። አርካይቭ ኖድ ሰንሰለቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ከተጀመረበት ብሎክ አንሥቶ ሁሉንም ይይዛል። ሽልማት አይከፈልበትም፤ ጠያቂ ከሌለው አይትከሉት።

ጠያቂ ካለው ገንዘብዎን ዲስኩ ላይ ያውሉ። ጌት በቆየው አሠራሩ ለአርካይቭ ከ12 ቴራባይት በላይ ይፈልጋል። ኤሪጎንና ሬት የተባሉት ሶፍትዌሮች ግን የተለወጠውን ብቻ ስለሚመዘግቡ ከ2 እስከ 3 ቴራባይት አካባቢ ይበቃቸዋል። የመረጃ ቋቱ ማደጉን ስለማያቆም 4 ቴራባይት ይግዙ እላለሁ። ዲስኩም ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ይሁን። ንባቡ እዚህም እዚያም የተበተነ ጥቃቅን ንባብ ነውና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አይደርስበትም። ርካሽ የሆኑት ኪውኤልሲ ኤስኤስዲዎችም ያታልላሉ፤ ሲጀምሩ ይሮጣሉ፣ ጊዜያዊ ማከማቻቸው (ካሽ) ሲሞላ ፍጥነታቸው ይወድቃል። እኔ በእንዲህ ያለ ዲስክ ብዙ ቀን አባክኛለሁ፤ ኖዱ የሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ሊደርስ ሲል አዲሶቹ ብሎኮች እየቀደሙት ቀረ።

እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2022 ወዲህ አንድ ሶፍትዌር ብቻውን አይሠራም፤ ግብይቱን የሚያስፈጽመውና ስምምነቱን የሚከታተለው ጎን ለጎን ይነሣሉ። ሁለቱ የሚተዋወቁት በአንድ የምስጢር ቁልፍ ፋይል ነው። ካልተገናኙ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው፤ ሁለቱም አንዱን ፋይል እያነበቡ መሆኑን ያረጋግጡ። ኤሪጎን ካፕሊን የሚባል የራሱ አጋር ስላለው ለጀማሪ ይቀላል።

ፖርት 30303 ለሌሎች ኖዶች ክፍት ይሁን። ጥያቄ የሚቀበለውን 8545ን ግን ለኢንተርኔት በፍጹም አይክፈቱ፤ የድሮ ግብይትን እንደገና የሚያስኬድ አንድ ከባድ ጥያቄ ማሽኑን ሊያንበረክከው ይችላል። ባልደረቦችዎ በቪፒኤን ይግቡ።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ቋቱ ሊበላሽና የቀናት ሥራ እንደ አዲስ ሊጀመር ይችላል። ዩፒኤስ ያስገቡ። በሥርዓት ሲዘጉትም ጊዜ ይፈልጋል፤ ፕሮግራሞችን የሚያስነሣውና የሚያቆመው ሲስተምዲ ካልታዘዘ በቀር በ90 ሰከንድ ውስጥ ያልቆመን ፕሮግራም በግድ ስለሚዘጋው ጊዜውን ወደ 5 ደቂቃ ያራዝሙለት።

ከማስረከብዎ በፊት እንዲህ ይፈትኑት። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 በብሎክ 1,920,000 ላይ ዳኦ የተባለ ስማርት ኮንትራት ይዞት የነበረው ገንዘብ ለባለቤቶቹ እንዲመለስ ወደ ሌላ ኮንትራት ተዛውሯል። የዳኦን ቀሪ ሒሳብ በብሎክ 1,919,999፣ ከዚያ በብሎክ 1,920,000 ይጠይቁ። ስህተት ከመለሰ ወይም ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ፣ በእጅዎ ያለው ኖድ ገና አርካይቭ አልሆነም።